ቃታውን ከመሳባችሁ በፊት፦ የሚግ ብየዳ ማሽን አዘገጃጀትና አሠራር

ሚግ፣ ማለትም ሽቦ በራሱ እየመገበ የሚበይድ የኤሌክትሪክ ማሽን፣ ለጀማሪ ደግ ነው። በኤሌክትሮድ የሚበይድ ሰው አርኩን (ብረቱን የሚያቀልጠውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ለመለኮስና እጁን በልኩ ርቀት ለማቆየት ብቻ ብዙ ቀን ይለማመዳል። በሚግ ግን ቃታውን ስትስቡ ሽቦው ከጥቅሉ እየተተረተረ ራሱ ይመጣል። ብረቱን ሲነካ ራሱ ይለኮሳል። እየቀለጠም ራሱ መሙያ ይሆናል። ቀልጣፋ ሰው በግማሽ ቀን ውስጥ ዓይን የሚስብ መስመር መሥራት ይችላል።

የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ያ የሚያምር መስመር ብረቱን ሳይዝ ላዩ ላይ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል።

በጀማሪነቴ አንድ የመደርደሪያ ድጋፍ በየድኩ። መስመሩ ልስልስ ያለ ነበር፣ ያዩት ሁሉ አደነቁልኝ። ዕቃ ሲጫንበት ግን ብየዳው ሙሉ በሙሉ ተላቆ ወደቀ። እግዚአብሔር ይመስገን ከሥሩ ሰው አልነበረም። አንስቼ ሳየው ከብየዳው ሥር የነበረው ብረት ጨርሶ አልቀለጠም። የግራይንደሩ ጭረት እንኳ እንደነበረ ይታይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመልኩ ይልቅ ዝግጅቱን እጠነቅቃለሁ። ይህ መመሪያም አብዛኛው ስለ ዝግጅት ነው። ቃታ መሳቡ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው።

መጀመሪያ ሽቦውን እወቁ

ሚግ ማሽን ላይ የሚገቡት ሽቦዎች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ጠጣር ሽቦ ነው። ሲቀልጥ አየር እንዳያገኘው ከሲሊንደር የሚመጣ ጋዝ ይፈልጋል። ሁለተኛው ፍላክስ ኮር ይባላል። ውስጡ ባዶ ሆኖ በዱቄት የተሞላ ነው። ዱቄቱ ሲቃጠል ራሱ መከላከያ ጋዝ ያወጣል፣ በብየዳው ላይም ስላግ የሚባለውን ቅርፊት ይተዋል። ጋዝ የሌለው ሰው የሚጠቀመው ይህንን ነው። በጋዝ የሚሠራ ፍላክስ ኮርም አለ። ስለዚህ ስትገዙ ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ብዙ ጀማሪ የሚስተው የፖላሪቲ ጉዳይ፣ ማለትም የትኛው ገመድ ፖዘቲቭ፣ የትኛው ኔጌቲቭ ላይ እንደሚታሰር ነው። ጠጣር ሽቦ በጋዝ ሲሠራ ቶርቹ (ቃታው ያለበትና ሽቦው የሚወጣበት እጀታ) ፖዘቲቭ ላይ፣ የግራውንድ ገመዱ (የሚበየደውን ብረት የሚቆነጥጠው) ኔጌቲቭ ላይ ይታሰራል። ጋዝ የማይፈልገው ፍላክስ ኮር በአብዛኛው ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ ቶርቹ ኔጌቲቭ፣ ግራውንዱ ፖዘቲቭ። የማሽኑን ክዳን ስትከፍቱ መቀያየሪያውን ታገኙታላችሁ። ከመንካታችሁ በፊት ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ። ፖላሪቲው ከተገለበጠ ማሽኑ መበየዱን አይተውም። ፍንጣሪው ይበዛል፣ ብየዳው ይደክማል፣ እናንተም ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ስታዞሩ ትውላላችሁ። «ይሄ ማሽን አይረባም» ተብሎ ሲማረርበት ያየሁት ማሽን ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚህ ነበር።

የሽቦው ውፍረት ከብረቱ ጋር ይሄዳል። ለስስ ላሜራ 0.6 ሚሊሜትር፣ ለአብዛኛው የዕለት ሥራ 0.8፣ ወፈር ላለው ብረት 1.0 ይሆናል። ለመጀመር 0.8 ውሰዱ።

ዓይን፣ ቆዳ፣ ሳንባ

የብየዳ ብርሃን ዓይንን ሲመታ ያኔውኑ አያሳምም። አደገኛነቱም ከዚህ ይመጣል። ሰው ቀን ላይ ሁለት ሦስቴ በባዶ ዓይኑ ያያል፣ ምንም አልሆንኩም ብሎ ይሄዳል። ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ላይ፣ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስለዋል። እንባው ይፈስሳል፣ ብርሃን ማየት ያቅተዋል። የተቃጠለው የዓይኑ የላይኛው ሽፋን ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሻለዋል። ቢሆንም ዓይናችሁን አትሹ፣ ያገኛችሁትንም ነገር አትጨምሩበት፤ ሐኪም ይየው።

ስለዚህ ማስክ። የመስታወቱ የጥቁረት ቁጥር ለተለመደው የሚግ ሥራ ከ10 እስከ 12 ይሁን። አምፔሩ ከፍ ባለ ቁጥር ቁጥሩም ከፍ ይላል። የፀሐይ መነጽር ብየዳን አይችልም፤ ለአንድ ነጥብም ቢሆን አትሞክሩት። ራሱ የሚጠቁር ማስክ ካላችሁ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ባትሪውንና የጥቁረት ቁጥሩን እዩ። ከማስኩ ሥር ደግሞ ግልጽ የመከላከያ መነጽር አድርጉ። ማስኩን ስታነሱ የሚፈናጠረው ትኩስ ቅርፊት ዓይን አይመርጥም።

አጠገባችሁ የሚቆም ሰውም ዓይን አለው። ልጆችን አርቁ። መጋረጃ ወይም እሳት የማይበላው መከለያ አቁሙ። ከመለኮሳችሁ በፊት «ዓይን!» ብላችሁ ጩኹ። ይህን ልማድ ያደረገ በያጅ ብዙ ሰው ያድናል።

ቆዳችሁም በዚያው ብርሃን ይቃጠላል። እጅጌ ያለው ወፍራም የጥጥ ልብስ ወይም ቱታ፣ የቆዳ ጓንት፣ የተዘጋ የቆዳ ጫማ። ናይለንና ፖሊስተር አይሆንም፤ እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የሱሪው ጫፍ ከጫማው በላይ ይውረድ፣ አይጠቅለል። የታጠፈ ጫፍና የተከፈተ ኪስ የፍንጣሪ መሰብሰቢያ ናቸው። ላይተር በኪሳችሁ አትያዙ። የአንገት ቁልፋችሁንም ዝጉ። ጉሮሮው ሥር በሦስት ማዕዘን ተቃጥሎ የሚመጣው ጀማሪ ብዙ ነው።

ጭሱን በሚመለከት ዋናው ደንብ ጭንቅላታችሁን ከጭሱ ዓምድ ውስጥ ማውጣት ነው። ጭሱ ወደ ላይ ይወጣል። በብየዳው ላይ አጎንብሳችሁ ከሆነ እየዋጣችሁት ነው። ከጎን ሆናችሁ እዩ። አየር በሚገባበት ቦታ ሥሩ። ጋዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን የቬንትሌተሩ ንፋስ በቀጥታ ብየዳው ላይ እንዳይመጣ፤ ጋዙን ይበትነዋል። ከጎን አድርጋችሁ ጭሱን እንዲስብ አዙሩት።

ሦስት ነገር ለይቼ ልናገር።

ጋልቫናይዝድ ብረት ዚንክ የተለበጠ ነው። ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል። ያንን የሳበ ሰው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ጉንፋን የያዘው ይመስለዋል። ዚንኩን ከምትበይዱበት ቦታ ፍቃችሁ አስወግዱ። ስትፍቁም የአፍና አፍንጫ መከላከያ አድርጉ።

ሁለተኛው ማጽጃ ፈሳሽ ነው። ክሎሪን ያለባቸው ማጽጃዎች፣ ለምሳሌ አንዳንድ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬዮች፣ የአርክ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኛቸው ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይፈጥራሉ። ብረቱን በእነዚህ አትጥረጉ። ሥራው ቦታ አካባቢም አይቀመጡ። እኔ ብረት የምጠርገው በሳሙናና በውኃ ነው፤ ከዚያ በደንብ አደርቀዋለሁ።

ሦስተኛው ጠባብ ቦታ ነው። አርጎንም ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከአየር ይከብዳሉ። ጉድጓድ፣ ታንከር ወይም ዝግ ክፍል ውስጥ ከታች እየተጠራቀሙ ኦክስጅኑን ይገፉታል። አርጎን ሽታ የለውም፣ ሰውየው ሳይታወቀው ይወድቃል። እንዲህ ያለ ቦታ የጀማሪ ሥራ አይደለም። ነዳጅ የያዘ ወይም ይዞ የነበረ በርሜልም እንዲሁ። ባዶ ነው፣ ታጥቧል ቢሏችሁም አትንኩት። ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል።

ቦታውን ማሰናዳት

በዙሪያችሁ 11 ሜትር ድረስ የሚቀጣጠል ነገር አንሱ። ይህ በብየዳ የእሳት ጥንቃቄ ደንቦች ውስጥ የተለመደ ርቀት ነው። ሩቅ ይመስላል፣ ግን ፍንጣሪ ወለል ላይ እየተንከባለለ ስንት እንደሚሄድ ያየ ሰው አይከራከርም። ሊነሳ የማይችለውን እሳት በማይበላው ነገር ሸፍኑት። በግድግዳው ማዶ ያለውንም አስቡ። ብረት ሙቀትን ያሻግራል። የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር እጃችሁ በሚደርስበት ቦታ ይቁም።

ወለሉ ደረቅ ይሁን። በላብ የራሰ ጓንት ቀይሩ። የማሽኑ የብየዳ ቮልት ዝቅተኛ ቢሆንም እርጥብ ሰውነትን ለመምታት ይበቃል። ወደ ማሽኑ የሚገባው የግድግዳ ኤሌክትሪክ ደግሞ ይገድላል። የስፒናውን የግራውንድ እግር አትቁረጡ። ሶኬቱ ግራውንድ ከሌለው መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን ይምጣ። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ያለው ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አርክ አጠገብ አይቁም።

ማራዘሚያ ገመድ ካስፈለገ ወፍራም ይሁን። ለ16 አምፔር ሶኬት ሽቦው ቢያንስ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን። የተጠቀለለውን ሙሉ በሙሉ ፍቱት። ተጠቅልሎ ጭነት ሲሸከም ይሞቃል፣ ላስቲኩም ይቀልጣል።

ሽቦውን መጫን

ማሽኑ ጠፍቶ ከሶኬት ተነቅሎ ይሁን። መነጽር አድርጉ። የአዲስ ጥቅል ሽቦ እንደ ስፕሪንግ ነው። ጫፉን ለቀቅ ካደረጋችሁት ሙሉው ይዘረገፋል፣ ዓይን የሚወጋውም ያኔ ነው። ጥቅሉን መሽከርከሪያው ላይ ስትሰኩት ሽቦው ከታች ወጥቶ ወደ ሮለሩ (ሽቦውን እየገፋ ወደ ቶርቹ የሚልከው ክፍል) ቀጥ ብሎ እንዲገባ አድርጉ። የማሽናችሁ ሥዕል ከላይ ይውጣ ካለ ሥዕሉን ተከተሉ።

ቀጥሎ ሮለሩን እዩ። ጎድጎዱ ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ ከሽቦው ውፍረት ጋር መግጠም አለበት። ለጠጣር ሽቦ የቪ ቅርጽ ያለው ለስላሳ ጎድጎድ ነው። ፍላክስ ኮር ለስላሳ ስለሆነ ጥርስ ያለው ሮለር ይመረጥለታል። ለአሉሚኒየም ደግሞ የዩ ቅርጽ።

አሁን ከቶርቹ ጫፍ ኖዝሉን (የውጪውን አፍ) እና ቲፑን (ሽቦው የሚወጣበትን ባለቀዳዳ ጫፍ) ፍቱ። የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ስለት እንዳይኖረው በሞረድ አለስልሱት። የተጣመመና የሾለ ጫፍ የቶርቹን ውስጠኛ ቱቦ ይቦጭራል። ሽቦውን በሮለሩ በኩል ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ቱቦው በእጅ አስገቡ። ሮለሩን ዝጉት፣ ማሽኑን አብሩ፣ የቶርቹን ገመድ መሬት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉት። ከዚያ ቃታውን ሳቡ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሽቦው በቶርቹ ጫፍ ሲወጣ በፍጥነት ነው። ጫፉን ወደ ፊታችሁ፣ ወደ እጃችሁ ወይም ወደ ሰው አታዙሩ። «መጣ ወይ?» ብሎ ቀዳዳውን ማየት ዓይን ያስከፍላል። ቃታው ሲሳብ ሽቦው ኤሌክትሪክም ይይዛል። በአንዳንድ ርካሽ ማሽኖች ላይማ ማሽኑ ከበራ ጀምሮ ሽቦው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለው፤ ግራውንድ የተያያዘበትን ብረት ከነካ ሳታስቡት ይለኮሳል።

ሽቦው ከወጣ በኋላ ከውፍረቱ ጋር እኩል ቁጥር ያለውን ቲፕ አስገቡ፣ ኖዝሉን መልሱ፣ የተረፈውን ቁረጡ። የሮለሩን ጥብቀት የማስተካክልበት ዘዴ ይህ ነው። ለቀቅ አድርጌ እጀምራለሁ። ሽቦውን ከደረቅ እንጨት ጋር አጋጥሜ ቃታውን እስባለሁ። ሮለሩ ከተንሸራተተ ትንሽ አጠብቃለሁ። ሽቦው እንጨቱ ላይ ሲደርስ ሳይንሸራተት መጠምዘዝ ሲጀምር በቂ ነው። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ትርፉ ጉዳት ነው። ፍላክስ ኮር ይጨፈለቃል፤ ቲፑ ላይ አንዳች ነገር ሲይዘው ደግሞ ሽቦው ማሽኑ ውስጥ የወፍ ጎጆ መስሎ ይጠላለፋል። የጥቅሉ ፍሬንም አለ። ቃታውን ስትለቁ ጥቅሉ ያኔውኑ እንዲቆም የሚበቃ ያህል ብቻ አጥብቁት።

ጋዙ

ጋዝ የማይፈልግ ፍላክስ ኮር የምትጠቀሙ ከሆነ ይህን ክፍል ዝለሉት።

ለተራ ብረት 75 በመቶ አርጎንና 25 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ድብልቅ ለሥራ ይመቻል፤ መስመሩ ይለሰልሳል፣ ፍንጣሪው ይቀንሳል። ንጹህ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይበይዳል፣ ጠልቆም ይገባል፣ ግን ይፈነጣጠራል። አሉሚኒየም ንጹህ አርጎን ይፈልጋል።

ሲሊንደሩን ቆሞ ከግድግዳ ወይም ከጋሪው ጋር በሰንሰለት እሰሩት። የሞላ የአርጎን ሲሊንደር ውስጡ 200 ባር አካባቢ ግፊት ይዟል። ወድቆ ቫልቩ ከተሰበረ የሚያቆመው ነገር የለም። ስታጓጉዙት ቆቡ ይደረግ። ሬጉሌተሩን (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰውን መሣሪያ) ከመግጠማችሁ በፊት ቫልቩን ለቅጽበት ከፍታችሁ ዝጉ፤ አቧራው ይወጣል። ከገጠማችሁ በኋላ ከሬጉሌተሩ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎኑ ቆማችሁ ቫልቩን በዝግታ ክፈቱ። መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውኃ ቀቡ፤ አረፋ ከወጣ ጋዝ ያፈስሳል።

ፍሰቱ በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር ይበቃል። ብዙ ጋዝ የተሻለ መከላከያ ይመስላል፣ አይደለም። ሲበዛ ይናወጣል፣ በዙሪያው ያለውን አየር ስቦ ብየዳው ውስጥ ያስገባል። አንድ ሌላ ነገር፦ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ውስጡ ፈሳሽ ስለሆነ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ ብዙም አይወርድም። ምን ያህል እንደቀረ ማወቅ ከፈለጋችሁ መዝኑት።

ብረቱን ማጽዳትና ግራውንዱን መያዝ

ሚግ ቆሻሻ አይወድም። ዝገት፣ ቀለም፣ ቅባት፣ ከፋብሪካ የመጣው ጥቁር ቅርፊት ሁሉም በግራይንደር ወይም በሽቦ ብሩሽ ይነሳ። ብረቱ የሚያብረቀርቅ ይሁን። ከመስመሩ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሴንቲሜትር አጽዱ። ፍላክስ ኮር ትንሽ ይታገሣል፣ ግን አትመኑት።

የግራውንድ መቆንጠጫው ልክ እንደዚሁ የተጣራ ብረት ይፈልጋል፤ ለብየዳው ቅርብ ይሁን። ቀለም ላይ ነክሶ ከያዘ አርኩ ይቆራረጣል። ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ (ቤሪንግ)፣ በሰንሰለት ወይም በማጠፊያ በኩል እንዳያልፍ ተጠንቀቁ፤ የሚያልፍበትን ያበላሻል። መኪና ላይ ስትበይዱ ባትሪውን አላቁ።

ቮልትና የሽቦ ፍጥነት

ማሽኑ ላይ ሁለት ቁልፍ አለ። አንዱ ቮልት ነው፤ መስመሩን ጠፍጣፋ ወይም ጉብ ያለ ያደርገዋል። ሌላው የሽቦ ፍጥነት ነው። ሽቦው በፈጠነ ቁጥር አምፔሩ ይጨምራል። በሚግ ላይ አምፔርን የምትቆጣጠሩት በሽቦ ፍጥነት እንደሆነ ከገባችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ለተራ ብረት መነሻ የሚሆን ሒሳብ አለ። ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ውፍረት 40 አምፔር ገደማ ያዙ። ቮልቱን ለማግኘት አምፔሩን በ0.05 አባዙና 14 ደምሩበት። 3 ሚሊሜትር ብረት ቢሆን 120 አምፔር ይሆናል። 120 በ0.05 ሲባዛ 6፤ 14 ሲደመር 20 ቮልት። በ0.8 ሽቦ ይህ በደቂቃ 6 ሜትር ገደማ የሽቦ ፍጥነት ማለት ነው። 1 ሚሊሜትር ላሜራ ቢሆን 40 አምፔርና 16 ቮልት። ይህ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። በክዳኑ ውስጥ የተለጠፈ ሠንጠረዥ ካለ ከእሱ ጀምሩ። ብረቱ ከ5 ሚሊሜትር ካለፈ በአንድ ዙር ለመጨረስ አትሞክሩ፤ ጠርዙን በግራይንደር ሸርፋችሁ በተደራራቢ ዙር ሙሉት።

ከዚያ በኋላ የምታስተካክሉት በጆሮ ነው። በቁርጥራጭ ብረት ላይ በይዱና ስሙ። በዘይት ላይ እንደሚጠበስ ነገር ያለ፣ ሳይቋረጥ የሚንጣጣ ድምፅ ከሰማችሁ ልክ ነው። ሽቦው ቶርቹን ወደ ኋላ እየገፋ «ጧ ጧ» ካለ ሽቦው ፈጥኗል ወይም ቮልቱ አንሷል። ድምፁ ወደ «ሽሽሽ» ሄዶ ሽቦው ጫፉ ላይ ትልቅ ጠብታ እየሠራ ከወደቀ ሽቦው ዘግይቷል ወይም ቮልቱ በዝቷል። አንድ ጊዜ አንድ ቁልፍ ብቻ ንኩ። ሁለቱን አንድ ላይ ያዞረ ሰው የቱ እንዳስተካከለለት አያውቅም።

የማሽናችሁን ዲዩቲ ሳይክልም እዩ። 30 በመቶ በ150 አምፔር ካለ፣ ከ10 ደቂቃ ውስጥ በዚያ አምፔር 3 ደቂቃ በይዳችሁ 7 ደቂቃ ታሳርፉታላችሁ ማለት ነው።

መበየድ

መጀመሪያ ቃታውን ሳትስቡ መንገዱን ሂዱበት። እጃችሁ መጨረሻው ድረስ ሳይጠመዘዝ ይደርሳል? ገመዱ ይይዛችኋል? ክርናችሁን ጠረጴዛ ላይ ወይም ጎናችሁ ላይ አሳርፉ። ሁለት እጅ ተጠቀሙ።

ከቲፑ የሚወጣው ሽቦ ለጠጣር 10 ሚሊሜትር አካባቢ ይሁን፤ ለፍላክስ ኮር ከ15 እስከ 20። ርቀቱ ሲረዝም አምፔሩ ይወርዳል፣ ብየዳው ይበርዳል። ቶርቹን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አዘንብሉት። በጋዝ ስትሠሩ ወደምትሄዱበት እየገፋችሁ መሄድ ይቻላል። በፍላክስ ኮር ግን ጎትቱ። ስላግ ካለ ጎትት፤ ይህችን ያዟት። ገፍታችሁ ከሄዳችሁ ስላጉ ከብየዳው ውስጥ ይቀበራል።

ሁለት ብረት ስታገጣጥሙ መጀመሪያ ታክ በሚባሉት ትንንሽ ነጥቦች ያዙት። ከዚያ ቀጥ ማለቱን በማዕዘን መለኪያ (ጎንያ) ለኩ። ብየዳ ሲበርድ ይሰበስባል፣ ብረቱንም ይጎትተዋል። ስስ ላሜራ ላይ ረጅም መስመር በአንድ ጊዜ አትሂዱ፤ እዚህ ጥቂት፣ እዚያ ጥቂት እያላችሁ ሙቀቱን በትኑ።

አርኩ ከተለኮሰ በኋላ ዓይናችሁ ብልጭታው ላይ አይሁን። የቀለጠውን ኩሬ ፊተኛ ጠርዝ እዩ። ሽቦው እዚያ ጠርዝ ላይ ይረፍ። የኩሬው ጠርዝ ወደ ሁለቱም ብረት ሲሰርግና ሲያርስ ካያችሁ ብየዳው እየያዘ ነው። ሽቦው ከኩሬው ወደኋላ ቀርቶ በቀለጠው ላይ ብቻ ከተጫወተ፣ ኩሬው ቀድሞ በቀዝቃዛ ብረት ላይ ይፈስሳል። የእኔ ድጋፍ የተላቀቀው እንዲህ ሆኖ ነው። በጣም ቀስ ብሎ መሄድ ጥልቀት የሚሰጥ ይመስላል፣ ግን ኩሬውን እያሳደገ አርኩን ከብረቱ ይከልለዋል።

ቁልቁል መበየድ መስመሩን ያሳምረዋል፣ ጥልቀቱን ግን ይቀንሰዋል። ለስስ ላሜራ እንጂ ጭነት ለሚሸከም ወፍራም ብረት አይሁን፤ እሱ ከታች ወደ ላይ ይሠራል። መጨረሻ ላይ ስትደርሱ ጥቂት ቆማችሁ ጉድጓዱን ሙሉት። ቃታውን ከለቀቃችሁ በኋላም ቶርቹን ወዲያው አታንሱ፤ ተከትሎ የሚመጣው ጋዝ ትኩሱን ይሸፍነዋል።

ሳትሰብሩት አትመኑት

ልምምዱን ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ቁርጥራጭ ብረት ጀምሩ። ቀጥ ያለ መስመር፣ ከዚያ ተደራራቢ፣ ከዚያ የቲ መጋጠሚያ። የቲ መጋጠሚያውን በአንድ ወገን ብቻ በይዱት። ሲበርድ ሞርሳ ላይ እሰሩትና የቆመውን ብረት በመዶሻ ወደ ብየዳው ወገን እየመታችሁ አጥፉት። መነጽር አትርሱ። ብረቱ ከታጠፈና ብየዳው ከያዘ ጥሩ ነው። ብየዳው ከተላቀቀ ሥሩን እዩ። የግራይንደር ጭረት ካለበት፣ አልቀለጠም። ቮልትና የሽቦ ፍጥነት ጨምሩ፣ የእጃችሁን አካሄድ አስተካክሉ፣ እንደገና ስበሩ። እኔ ከአዲስ ማሽን ወይም ከአዲስ ሽቦ ጋር ስሠራ አሁንም ሰብሬ ነው የምጀምረው። ሰው የሚቀመጥበት፣ የሚቆምበት ወይም መኪና የሚጎትተው ነገር ግን ልምድ ያለው በያጅ ሳያየው አይሠራ።

ብየዳው ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ከታየ ጋዙ አልደረሰም ማለት ነው፤ ንፋስ ገብቷል፣ ሲሊንደሩ አልቋል፣ ኖዝሉ በፍንጣሪ ተደፍኗል ወይም ብረቱ ቆሽሿል። ቀዳዳውን ከላይ አትሸፍኑት፣ ፍቃችሁ እንደገና በይዱ። ሽቦው ቲፑ ላይ ቀልጦ ከተጣበቀ ሽቦው ዘግይቷል ወይም ቶርቹ ቀርቧል። ቲፑን ቀይሩት፤ ትርፍ ቲፕ ሁልጊዜ ይኑራችሁ። ላሜራው ከተበሳ ቮልቱን ቀንሱና ፈጠን በሉ።

ስትጨርሱ

የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ፣ ቃታውን ስባችሁ የቀረውን ጋዝ አስወጡ፣ የሬጉሌተሩን ቁልፍ አላሉት። የማሽኑ ቬንትሌተር ጥቂት ይዙር፣ ከዚያ አጥፉና ከሶኬት ንቀሉ። ለረጅም ጊዜ የማትሠሩ ከሆነ ሽቦውን አውጥታችሁ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አኑሩት። የዛገ ሽቦ የቶርቹን ቱቦ ይደፍናል። ትኩሱ ብረት ላይ በጠመኔ «ትኩስ» ብላችሁ ጻፉ። የበረደ ብረትና 300 ዲግሪ የሆነ ብረት ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው።

ከዚያ ወዲያው አትሂዱ። ፍንጣሪ በሰጋቱራና በጨርቅ ውስጥ ተደብቆ ሲጨስ ቆይቶ ይነሳል። ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ቢቻል ደግሞ አንድ ሰዓት እዚያው ቆዩ። ዕቃ ሰብስቡ፣ ወለል ጥረጉ፣ ኖዝል አጽዱ። ጠረጴዛው ሥር፣ ጥግ ጥጉን፣ ከግድግዳው ማዶ ያለውን እዩ፣ አሽትቱም። ምንም ከሌለ በሩን ዝጉ።